ማዳም አማርኛ ስትማር

ልጅ ሲጮህ ማን ይጨነቃል? ሲጮህማ ደህና ነው። የሚያስጨንቀው ዝም ሲል ነው። ልጅ ዝም ካለ ወይ አሞታል፣ ወይ ግድግዳ ላይ እየጻፈ ነው። የእኔዋ ልጅ ግን ሳያማት፣ ግድግዳም ሳትነካ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝም አለች። እስቲ አረፍ በሉና ላጫውታችሁ።

ልጄ ናርዶስ ትባላለች። ያኔ አራት ዓመት ተኩል ሊሆናት ነው። እኔና ባለቤቴ ወይንሸት «በቃ፣ አልሰጠንም» ብለን ከተቀመጥን በኋላ የመጣች ልጅ ስለሆነች፣ እንዴት እንደምንሳሳላት አትጠይቁኝ። ስታወራስ! ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ አፏን ትከፍታለች። ሠፈራችን ሐረር፣ ፈላና በር ነው። ከቤታችን ባጃጁ እስከሚቆምበት ድረስ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከናርዶስ ጋር ከሆነ ግን ግማሽ ሰዓት ነው። ለጎመን ሻጯ በኦሮምኛ አንድ ነገር ትላለች። ለጎረቤታችን ለአባይ ዘይቱና በሐረሪኛ ሌላ ነገር ትላለች። አባይ ስል ወንዙ እንዳይመስላችሁ፤ ሐረሪዎች ታላቅ ሴትን አክብረው ሲጠሩ እንደዚያ ነው የሚሉት። የቀረውን ወሬ፣ ያው በአማርኛ፣ እኔ ላይ ታወርደዋለች።

እኔ መምህር ነኝ። አማርኛ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሰዋስው ያልገባው ተማሪ ያናድደኛል፤ ማሰሪያ አንቀጽ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ሳይ ደግሞ ያመኛል። ቀበቶ የሌለው ሱሪ የለበሰ ሰው ያየሁ ይመስለኛል። ይህን የምነግራችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር እንዴት እንደጎዳኝ እንዲገባችሁ ነው።

ወይንሸት አዲሱ ከተማ ውስጥ ሆቴል ነው የምትሠራው፤ እንግዳ ትቀበላለች። ፈረንሳውያን አገር ጎብኚዎች ይመጣሉ። እሷ ፈረንሳይኛ አታውቅም። ስለዚህ ፈገግ ትላለች። ሻንጣ ጠፋብን ሲሏት ፈገግ ትላለች። ሙቅ ውኃ የለም ሲሏት ፈገግ ትላለች። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን አወለቀችና «መምህር፣ ፈገግታዬ አለቀ። ልጄ እንደኔ አትሆንም» አለችኝ። (መምህር የምትለኝ ልታሸንፈኝ ስትዘጋጅ ነው።)

ለካ አንድ አፀደ ሕፃናት አግኝታ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት በፈረንሳይኛ ብቻ፣ ከሰዓት በአማርኛ። ሕጋቸው አንድ ሰው አንድ ቋንቋ ነው። የጠዋቷ አስተማሪ አማርኛ አትናገርም፣ የከሰዓቷ ፈረንሳይኛ አትነካም። ልጆቹ ደግሞ ማንም ሳይተረጉምላቸው እዚያው ውስጥ ገብተው ይዋኛሉ።

«ይሰጥማሉ እንጂ!» አልኩ። «ገና አማርኛዋ ሳይጸና! ይምታታባታል!»

«መምህር፣ ክፍል ሳይኖርህ ሲቀር የት ነው የምትቀመጠው?» አለችኝ።

«ቢሮ።»

«ቢሮ የማን ቋንቋ ነው? ሹፌርስ? ጋራዥስ? ሶፋው ላይ የዘረጋኸው የእናትህ ዳንቴልስ? ሁሉም ፈረንሳይኛ ነው፤ ጠይቄአለሁ። አንተ እስካሁን ተምታታብህ?»

ለአባይ ዘይቱና አቤት አልኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ነገር የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ያግዙኛል ብዬ ነው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያ አላህ! እኔ እቤት በሐረሪኛ፣ ገበያ በኦሮምኛ፣ ከናንተ ጋር በአማርኛ፣ ቁርኣኔን በዐረብኛ። እስከ ዛሬ ተምታቶብኝ ዶሮ በዐረብኛ አላባረርኩም!» አሉኝ። በዚሁ ተረታሁ።

መስከረም ላይ ናርዶስ ገባች። የጠዋቷ አስተማሪ ማዳም ሣራ ትባላለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማዳም ሣራ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች የኛው አገር ልጅ ናት። ምዝገባ ቀን ልጆቹ ሳይኖሩ ሁሉንም ነገር ያስረዳችን በአማርኛ ነው። ያውም በድሬ አማርኛ፣ ሳቅ ሳቅ እያለ የሚወጣ። ልጆቹ ፊት ግን አንዲት የአማርኛ ቃል አትወጣትም። ቢነግሯትም ያልገባት መስላ ዓይኗን ታፈጣለች። ልጆቹም አመኑ። ልጅ ምን ያውቃል!

ከሳምንት በኋላ በደብተሯ ላይ ማስታወሻ መጣ። «ናርዶስ ደህና ናት። ጠዋት ላይ አትናገርም።» ቀጣዩም ሳምንት እንደዚያው። ጥቅምት ገባ፣ ሌሎቹ ልጆች መዝፈን ጀመሩ፤ ናርዶስ አትናገርም። ኅዳር ላይ ሌሎቹ ውኃ በፈረንሳይኛ መጠየቅ ጀመሩ፤ ናርዶስ ጠምቷት እንኳ አትናገርም። ወይንሸት ዝም አይነቅዝም ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። እኔም ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኳት። አያችሁ፣ የኛ ተረት ለሁለቱም ወገን ስንቅ ያቀብላል።

ከዚያ የባሰው መጣ። ዝምታው ቤት ገባ። ናርዶስ ራቷ ላይ ማንኪያዋን እያየች ትቀመጥ ጀመር። አንድ ጠዋት ከቤት ወጥተን ባጃጁ ጋ ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ። አምስት ደቂቃ! ጎመን ሻጯ ከኋላችን ተጣርታ «ልጅቷን ምን ነካት?» አለችኝ። ምን ልበላት? እንጃ አልኳት። ሰው ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልጆች አፍ ሲፈታ ኖሮ የገዛ ልጁ አፍ ሲዘጋ እንዴት እንደሚሰማው፣ ይቅር፣ አይነገርም።

በዚያን ቀን ለወይንሸት ቁርጡን ነገርኳት። እስከ ጥምቀት ካልተናገረች አስወጣታለሁ። እንደምትከራከረኝ ነበር የጠበቅሁት። አልተከራከረችም። «እሺ» ብላ ዞር አለች። ዓይኗን እየጠረገች እንደሆነ ጀርባዋ ያስታውቅ ነበር። ያሸነፍኩት ክርክር እንደዚያ አስጠልቶኝ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ እኔና ናርዶስ ብቻችንን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን እየላጥኩላት ነው። ድንገት፣ ሳልጠይቃት፣ «አባዬ፣ ማዳም ታሳዝነኛለች» አለችኝ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። «ለምን?»

«አማርኛ አትችልማ። ምንም። ውኃ ብንላት አይገባትም። ትልቅ ሰው ሆና! እናቷ አላስተማረቻትም?»

«ለዚህ ነው የማታናግሪያት?»

«ባናግራት አይገባትም። ልጆቹ ሲያናግሯት እንዲህ ትላለች» ብላ ዓይኗን አፍጥጣ ትከሻዋን ሰበቀች። «ካልገባት ደግሞ ታፍራለች። እኔ እንዳታፍር ብዬ ነው። ቤትም ስመጣ ስለ እሷ አስባለሁ።»

ተመልከቱልኝ እንግዲህ! እኛ ልጅቷ ጠፋች፣ ተዘጋች፣ ተምታታባት እያልን ስንሟገት፣ እሷ ለካ የሰው ገበና እየሸፈነች ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ትልቅ ሴትዮ እንዳታፍርባት ብላ አፏን ይዛ ቁጭ ብላለች።

እዚህ ላይ አንድ ደህና አባት ምን ይላል? «ልጄ፣ ማዳም አማርኛ ታውቃለች፤ ለትምህርቱ ብላ ነው» ይላል። እኔም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳቡ ተንኮል ነው፤ አልዋሻችሁም። ሕጋቸው ጠዋት ፈረንሳይኛ ብቻ አይደል? ልጄ ጠዋት ጠዋት አማርኛ ብታስገባባቸውስ? ሕጉ ይፈርሳል፣ እነሱ ይሰለቻሉ፣ ልጄን ራሳቸው ይመልሱልኛል። የወይንሸትም እንባ በእኔ አይሆንም።

«ታዲያ አንቺ ለምን አታስተምሪያትም?» አልኳት።

ዓይኗ ሲበራ ብታዩ! ብርቱካኑን ረሳችው። እንዴት እንደሚያስተምሩ አሳየኝ አለች። አሳየኋት። ዕቃውን በእጅሽ ንኪላት፣ ስሙን ቀስ ብለሽ ጥሪላት፣ ድገሚ በያት፣ ስትሳሳት እንዳትስቂባት። ሰባራ ጠመኔ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ሰኞ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ጠመኔዋን እንደ ሰይፍ ይዛ ነበር። ለጎመን ሻጯም «ዛሬ ሥራ አለብኝ» አለቻት።

አበው ለሌላው ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን ያን ሰሞን ተረት የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም፤ ደስታ ላይ ነበርኩ። ወሬዋ ተመለሰ! ባጃጁ ጋ ለመድረስ እንደገና ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ራት ላይ ስለ ተማሪዋ እድገት ትነግረናለች። «ማዳም ዛሬ ወንበር አለች።» «ማዳም በር ማለት ችላለች፤ መስኮት ግን ገና ነች።» ወይንሸት ግራ ገብቷት ታየኛለች። እኔ ሽሮዬን አያለሁ።

ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤቱ ተደወለልኝ። ነገ ጠዋት እባክዎ ብቅ ይበሉ። አሃ! መጣች አልኩ። ያን ጠዋት ክራቫት አሠርኩ። በባጃጅ ስሄድ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። «ልጄን በክብር ሰጠኋችሁ፣ በክብር መልሱልኝ» የሚል ቆንጆ ዓረፍተ ነገር፣ ማሰሪያ አንቀጹ በቦታው።

ስደርስ የዕረፍት ሰዓት ነው። ልጆቹ ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ። የናርዶስ ክፍል መስኮት ክፍት ነው። ቀረብ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ።

ማዳም ሣራ በአንዲት ትንሽዬ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ልጄ ፊቷ ቆማለች፣ ጠመኔ በእጇ። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችና «ጠ-ረ-ጴ-ዛ» አለች።

«ተ-ረ-ፔ-ዛ» አለች ማዳም። ይህች ጠጅና ጠላ በሚባልበት አገር ያደገች ሴት!

«ኖን፣ ማዳም!» አለች ልጄ። ከዚያ የሆነውን ቃል በቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ ቋንቋው የእኔ አይደለምና። ከልጄ አፍ ፈረንሳይኛ ወረደ። ዘነበ ልበላችሁ? ስሚ ስትላት «ኤኩት» ትላታለች፣ ድገሚ ስትላት «ረፔት» ትላታለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ምላሷ የት እንደሚያርፍ እያሳየች፣ ረጅም ረጅም ነገር ታስረዳለች። ሌላ ምን ታድርግ? ተማሪዋ የሚገባት ፈረንሳይኛ ብቻ ነው! አማርኛ ለማስተማር ፈረንሳይኛ ያስፈልጋታል። ሦስት ወር በዝምታ የሰማችውን ሁሉ ለካ አንድ ሳታስቀር አስቀምጣው ኖሯል።

ማዳም እንደገና ተሳሳተች፤ ያዘነችም መሰለች። ልጄ ጠመኔውን አስቀምጣ በትንሽ እጇ ትከሻዋን ደባበሰቻትና «ሴ ፓ ግራቭ፣ ማዳም» አለቻት። በኋላ ጠይቄ ነው ፍቺውን ያወቅሁት። ምንም አይደለም ማለት ነው። ማዳም እነዚያን ሦስት ወራት ጠዋት ጠዋት፣ ናርዶስ ዝም ባለች ቁጥር፣ የምትላት ቃል ነበር።

ክራቫቱ አነቀኝ። ላላ አደረግሁት። የተዘጋጀው ዓረፍተ ነገር የት እንደገባ አላውቅም።

ማዳም ሣራ ስታየኝ ወጥታ ወደ ቢሮ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ከዘጋች በኋላ ያ የድሬ አማርኛ ፈነዳ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ገደለችኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ ማለት አቃተኝ እያልኩ ስዋሽ አፌ ሊጣመም ነው! ቶሎ ከቻልኩ ደግሞ ወሬው ይቆምብኛል። አንድ ቃል በተሳሳትኩ ቁጥር አሥር የፈረንሳይኛ ቃል ታወጣለች፤ እንዴት ብዬ ልቻል?»

«ታዲያ ለምን አስጠራሽኝ?» አልኩ በደከመ ድምፅ።

አንገቷን ደፋች። «ከትናንት ወዲያ የቤት ሥራ ሰጥታኝ ነበር። ሳልሠራ መጣሁ። ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ አለችኝ። እናቴ ደግሞ ድሬዳዋ ናት። ቸግሮኝ ነው እርስዎን የጠራሁት።»

እኔ ነኝ እንግዲህ ወላጅ ሆኜ የገባሁት። ልጄ ፊት ቆሜ፣ ማዳም ከጎኔ እጇን አጣምራ፣ ሁለተኛ አይለመዳትም አልኩ። ናርዶስ ለዚህ ጊዜ ምሬያታለሁ አለች።

እቤት ስገባ ለወይንሸት ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ተንኮሉንም ጭምር። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ሳቋን ለቀቀችው። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ልታፈርሰው ሄደህ ምሰሶውን አቆምክልኝ?» አለች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና «ሦስት ወር አላስቻለኝም ነበር እኮ። እኔ በምኞቴ ልጄን የሰበርኳት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እኔም በስተመጨረሻ ከልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥምቀት መጣ፣ ጥምቀት አለፈ፤ ስለማስወጣት ያነሳ የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

የማንጎ ወቅት ገባ። አንድ ቅዳሜ ከናርዶስ ጋር ገበያ ወጣን። ማንጎ ሻጮቹ ጋ ሰው ተሰብስቧል። ከመሐል አንድ የማውቀው ድምፅ ይሰማል። «ኧረ እናቴ፣ ይሄ ማንጎ ነው ወርቅ? ጎኑ በስብሶ! ምርቃት ጨምሪበት እንጂ፣ ደንበኛሽ አይደለሁም?» ማዳም ሣራ! ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ማንጎውን እያገላበጠች።

ናርዶስን ይዤ ልዞር ስል ዘገየሁ። ሰምታለች። ቀጥ ብላ ቆማለች። ማዳምም ዞር ስትል አየችን፤ ማንጎዋ ከእጇ ወደቀ። ሦስታችንም ተፋጠጥን። እኔ በልቤ አለቀ አልኩ። አሁን ውሸታሞች ናችሁ ትለናለች፤ ዳግመኛ አፏን አትከፍትም።

ናርዶስ ቀስ ብላ ወደ እኔ ቀና አለች። ፊቷ እንደ ፀሐይ ነው።

«አባዬ! ሰማሃት? ቻለች!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማንጎን ግን እኔ አላስተማርኳትም። ራሷ አጥንታ ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም። ማዳም ተንበርክካ አቀፈቻት። ማንጎ ሻጯ ምን እንደሆነ ሳይገባት አንድ ማንጎ መረቀች።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ናርዶስ ስታስብ ቆይታ ውሳኔዋን አሰማች። ማዳም አማርኛ ጨርሳለች። ከሰኞ ጀምሮ ሐረሪኛ ይቀጥላል።

ይህኛውን ማዳም በእውነት አታውቀውም! ማስጠንቀቅ አለብኝ ብዬ ደወልኩላት። «ጋሼ፣ እባክዎ ቢያንስ ሰላምታውን ይንገሩኝ፤ ሐረር ተወልደው አድገው» አለችኝ። ሐረር ተወልጄ አድጌ! በዚያች ግቢ ብቻ ሠላሳ ዓመት ከአባይ ዘይቱና ጋር ግድግዳ ተጋርቼ! መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ሄጄ የአባይ ዘይቱናን በር አንኳኳሁ። ጠዋት ስወጣ በሐረሪኛ የሚሉኝን ሰላምታ ያስተምሩኝ አልኳቸው። አባይ ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ቆመው አንድ ነገር ይሉኛል፤ እኔም ሁልጊዜ በትሕትና ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብያቸው አልፋለሁ።

«የምን ሰላምታ?» አሉኝ አባይ።

ቃሉን እንደሰማሁት ደገምኩላቸው። አባይ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ያ ረቢ! ይሄማ ‹ቦኖው ጋ ውኃ መጥቷል ወይ?› ነው! እኔ እኮ አንተ አመስግነህ ስታልፍ፣ መጥቷል ማለት ነው ብዬ ጀሪካኔን ተሸክሜ እወርዳለሁ። ስደርስ ጠብታ የለም! ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ይህ ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው፣ አይዋሽም፣ ውኃው ነው ቶሎ የሚሄደው ስል ኖርኩ!»